የሕፃናት የደም ሥር እብጠት እና መድኃኒቱ፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የልጃችሁን የመድኃኒት መጠን የሚወስነው የመረመረው ሐኪም ነው፤ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ የሁለት ወር ልጄ ዐይን ሽፋን ላይ ቀይ እብጠት ወጣ። ስትወለድ አልነበረም። «ምልክት ነው፣ ይጠፋል» ይሉኛል። ልጠብቅ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፤ ግን አትጠብቂ። ከልደት በኋላ ብቅ ብሎ የሚያድግ እንዲህ ያለው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሄማንጂኦማ የሚባል የደም ሥር እብጠት ነው። ከዓመት በኋላ ቀስ እያለ መክሰሙ እውነት ነው። በፍጥነት የሚያድገው ግን አሁን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ዐይኗን ከጋረደው ማየት ሳትለምድ ትቀራለች፤ የደከመን ዐይን ኋላ መመለስ ከባድ ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ለልጄ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘለት። ይህ የልብ መድኃኒት አይደለም? አባቴ የሚወስደው ቤት አለ፤ ከእሱ ልቆርስለት?

መልስ፦ የልብ መድኃኒት ነው። የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች ለልብ ችግር ሲሰጡት የሕፃኑ ሄማንጂኦማ ሲከስም አይተው እ.ኤ.አ. በ2008 ጻፉት። ዛሬ ለከባዱ ሄማንጂኦማ ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ከአባትህ ግን በፍጹም አትቁረስ! የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። አራት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በ2 ሚሊግራም ቢሰላ በአንድ ጊዜ 4 ሚሊግራም ነው፤ የአዋቂው ባለ 40 ሚሊግራም እንክብል አሥር እጥፍ ይሆናል።

ሁልጊዜ ጡት ከጠባ በኋላ ስጠው። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ የደም ስኳርን ሊጥል ይችላል። ካስመለሰ፣ ካስቀመጠው፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደረቱ ሲር ሲር ካለ አትስጠው፤ ሐኪሙን ጠይቅ። በደሴ ብርድ ሳል አይጠፋምና ይህን አደራ እላለሁ። ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ከዛለ ወይም አልነቃ ካለ ወደ ሆስፒታል ሩጥ። የተተፋውን አትድገም። ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ወር ይወስዳል፤ እብጠቱ ስለከሰመ ብቻ አታቋርጠው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የእኛ ልጅ ግን ግማሽ ፊቷ ከልደቷ ጀምሮ ወይን ጠጅ መሳይ ነው፤ አላበጠም።

መልስ፦ ያ ሌላ ነው፤ ፕሮፕራኖሎል አይረዳውም። ሕክምናው ሌዘር (የብርሃን ጨረር) ነው። ግንባሯን ወይም የዐይን ሽፋኗን ከነካ ዐይኗና አንጎሏ ይመርመሩ፤ የሚጥል በሽታና የዐይን ግፊት ሊከተሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ጭኑ ጠጥሮ ጠቆረ፣ ፕሌትሌቱም (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ወረደ። ሲሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት። ዋግምት ቢደረግለትስ?

መልስ፦ አይሆንም! እብጠቱ ፕሌትሌቱን እየበላበት ነው፤ ከተበጣ ደሙ ላይቆም ይችላል። ይህ ብርቅ በሽታ ነው። ሲሮሊመስ ኩላሊት የተቀየረላቸውም የሚወስዱት፣ መጠኑ በደም ምርመራ የሚለካ መድኃኒት ነው። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። አፉ ቢቆስል ተናገሩ። እንደ ኩፍኝ ያለ ክትባት ከመስጠታችሁ በፊትም ለክትባት ሰጪዋ መድኃኒቱን አሳዩአት።