«አጉላው» ወይስ «አሳድገው»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ለጀማሪዎች የገጽ ቅንብር አሠለጥናለሁ። ለግሸን ማርያም ንግሥ በምናዘጋጀው ማስታወቂያ ላይ በቬክተር (በነጥቦችና በመስመሮች ስሌት) የተሣለውን መስቀል «አጉላው» ብዬ ያዘዝኩት ሠልጣኝ ገጹን ብቻ አቅርቦ ስላየው፣ መስቀሉ በፊት በነበረው መጠን ታተመ። በማሠልጠኛ ጽሑፌ የትኛውን ግስ ልጠቀም?

መልስ፦ ሠልጣኙ አልተሳሳተም፤ የሰማውን ግስ በዋና ፍቺው ተረድቶታል። «ጎላ» በአማርኛ ከሁሉ በፊት የሚናገረው ስለ መታየት ነው። «ጎልቶ ታየ»፣ «ጉልህ ልዩነት»፣ «አጉሊ መነጽር» ስንል ነገሩ ለተመልካቹ ይበልጥ ተገለጠ ማለታችን እንጂ በራሱ መጠን ጨመረ ማለታችን አይደለም፤ በአጉሊ መነጽር የታየች የጤፍ ቅንጣት መነጽሩ ሲነሣ ያችው ናት። «ድምፅ ማጉያስ?» የሚል ቢኖር፣ እዚያም ቢሆን የሚጨምረው ለአድማጩ የሚደርሰው ድምፅ እንጂ የተናጋሪው ጉልበት አይደለም። በዕለታዊ ንግግር «ፎቶውን አጉልተህ እጠብልኝ» መባሉን አልነቅፍም፤ የሥራ መመሪያ ግን ለሁለት ተግባር አንድ ግስ ሊሰጥ አይገባም።

በገጽ ቅንብር ፕሮግራም ውስጥ እነዚህ ሁለት ተግባራት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እይታው 400 በመቶ ቢደርስም 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስቀል ወረቀት ላይ የሚወጣው በ4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ቅርጹ ራሱ ተመርጦ መጠኑ ሲለወጥ ብቻ ነው። የቬክተር ቅርጽ ደግሞ አደናጋሪነቱን ያባብሰዋል። ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ካሬዎች የተሠራ በመሆኑ በጣም ቀርበው ሲያዩት ካሬዎቹ ብቅ ይላሉ፤ የቬክተር ቅርጽ ግን በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች ተሰልቶ የሚሣል ስለሆነ፣ እይታው ቢቀርብም መጠኑ ቢያድግም ጠርዙ እንደጠራ ይቆያል። ስለዚህ ሠልጣኙ በማያ ገጹ ላይ የጠርዙን ጥራት አይቶ የትኛውን እንደፈጸመ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግረው በመጠን ሣጥኑ ውስጥ የሚነበበው ቁጥር ነው።

በዚህ ምክንያት ለመጠን «ማሳደግ» እንዲሉ እመክራለሁ። በንግግር የሚሰማው «አተልቀው» ስህተት የለበትም፤ ለጽሑፍ ግን «መጠኑን ማሳደግ» ይበልጥ የተለመደ ይመስለኛል። «አስፋው» ከማለት ግን ይጠንቀቁ፤ ስፋት ከቁመት የተለየ ልኬት ስለሆነ፣ ትእዛዙን ቃል በቃል የፈጸመ ሠልጣኝ መስቀሉን ወደ ጎን ብቻ ስቦ ክንዶቹን ያረዝማቸዋል። ቁመቱና ወርዱ አብረው እንዲያድጉ ከፈለጉ «ምጥጥኑን ጠብቆ ማሳደግ» ይበሉ።

ተቃራኒው ላይ ሌላ ችግር አለ፤ «አሳንስ» ለሁለቱም ተግባራት ይነገራልና። ስለዚህ ግሱን ብቻውን አይተዉት፤ ምን እንደሚለወጥ የሚናገር ስም ያስቀድሙለት። ለማያ ገጹ «እይታውን አቅርብ፣ እይታውን አርቅ»፣ ለመስቀሉ ደግሞ «ቅርጹን አሳድግ፣ ቅርጹን አሳንስ» ቢሉ ምንም አሻሚነት አይቀርም። («ቅርጽ» ከ«ቀረጸ» የወጣ ስለሆነ በ«ጽ» መጻፉን እመርጣለሁ።)

«አሳድግ» የሚለውን ግስ ለፎቶግራፍ ሲጠቀሙበት ማስጠንቀቂያ ያክሉ። በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያለው ፎቶ በቁመትም በወርድም እጥፍ ሲያድግ በአንድ ኢንች 150 ፒክስል ብቻ ይቀርለታል፤ የቬክተሩ መስቀል ይህ ሥጋት የለበትም። በእርሱ ላይ ሠልጣኙ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የዳር መስመሩ ውፍረት ነው፤ እንደ ፕሮግራሙ ቅንብር መስመሩ ከቅርጹ ጋር ሊያድግ ወይም በነበረበት ሊቀር ስለሚችል፣ መመሪያው «ቅርጹን ከነመስመሩ አሳድግ» ወይም «የመስመሩን ውፍረት ሳትለውጥ ቅርጹን አሳድግ» ብሎ በግልጽ ማዘዝ አለበት።