በውሰት ታኬታ 13 ጎል፦ ስለ ዡስት ፎንቴን ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ፈረንሳዊው አጥቂ ዡስት ፎንቴን ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። ደስ ብሎኛል፤ ሰውየው ከዚህም በላይ ሊወራለት ይገባል።

በአንድ የዓለም ዋንጫ 13 ጎል? ተጋኖ ይሆን?

አልተጋነነም። በ1958፣ ስዊድን ውስጥ፣ በ6 ጨዋታ ነው። አብረን እንደምር። ፓራጓይ ላይ 3፣ ዩጎዝላቪያ ላይ 2፣ ስኮትላንድ ላይ 1፣ ሰሜን አየርላንድ ላይ 2። በግማሽ ፍጻሜ ብራዚል ላይ 1፣ ለሦስተኛ ደረጃ ምዕራብ ጀርመን ላይ 4። አንዷም በሪጎሬ የገባች አይደለችም። ጀርመን ላይ ሪጎሬ ተሰጥቶ ነበር፤ የመታው ግን የቡድን ጓደኛው ሬይሞን ኮፓ ነው። ይቺን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የዛሬ አጥቂ ቢሆን ኳሷን ከማን እጅ ይተዋት ነበር?

የታኬታው ታሪክ እውነት ነው?

አዎ። ልምምድ ላይ ታኬታው ተበላሸበት። ያኔ ጫማ በካርቶን የሚልክ ስፖንሰር የለም። ስቴፋን ብሩዬ የሚባል ተጠባባቂ የቡድን ጓደኛው በቁጥር ይገጥመው ስለነበር የራሱን አዋሰው። እነዚያ ሁሉ ጎሎች በሰው ጫማ ገቡ ማለት ነው።

ሪከርዱ ለምን አይሰበርም?

ከእሱ በኋላ ገርድ ሙለር በ1970 10 አገባ። ኪሊያን ምባፔ በ2022 በፍጻሜው ሐትሪክ ሠርቶም 8 ላይ ቆመ፤ ያውም በ7 ጨዋታ። መከላከል እየጠነከረ መሄዱ አንድ ምክንያት ነው። እኔ ግን ኮፓን አስቀድማለሁ። ፎንቴን በ1956 የፈረንሳዩን ክለብ ሬምስ የተቀላቀለው ኮፓ ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ እሱን ለመተካት ነበር። ስዊድን ውስጥ ግን በብሔራዊ ቡድኑ አንድ ላይ ሆኑ። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ጥምረት በየአራት ዓመቱ አይገኝም።

ሞሮኳዊ ነው የሚሉም አሉ።

በ1933 ማራካሽ ነው የተወለደው። አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ስፔናዊት ናቸው። የጀመረውም ካዛብላንካ ነው። ኋላ የሞሮኮን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኗል።

እንዲህ ጎበዝ ከሆነ ለምን በ28 ዓመቱ አቆመ?

ይሄ ያማል። በመጋቢት 1960 እግሩ ተሰበረ። ታግሎ ተመለሰ። በ1961 መጀመሪያ ያው እግር ዳግም ተሰበረ። በ1962 ጫማውን ሰቀለ። ለፈረንሳይ በ21 ጨዋታ 30 ጎል ነበረው፤ ሌላ አሥር ዓመት ቢጫወት ስንት ይደርስ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ማንም ያልጠየቀኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከ13ቱ ጎል አያንስም። በ1961 ከሌላው ተጫዋች ዩጂን እንጆ ሊያ ጋር የፈረንሳይ ተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሱ ነበር። በዚያ ዘመን ተጫዋች እስከ 35 ዓመቱ የክለቡ ነው። ሲፈልጉ ይሸጡታል፣ ሳይፈልጉ ያስቀምጡታል፤ እሱን የሚጠይቀው የለም። ማኅበሩ ታግሎ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ የሚሄድበት አሠራር በ1969 መጣ። ፎንቴን ያኔ ከሜዳ ከወጣ 7 ዓመቱ ነበር።