«ልጄ እስከ 4 ሰዓት ይተኛል»

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የጻፉልን እናት የ24 ዓመት ልጃቸው ባለፈው ዓመት እንቅልፍ አጥቶ፣ «ድምፅ ይሰማኛል» እያለ በሌሊት ከቤት ይወጣ እንደነበር፣ አሁን ግን ሐኪም ባዘዘለት ኦላንዛፒን በተባለ መድኃኒት እንደተሻለው ገልጸዋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ 10 ሚሊግራም ይወስዳል። ቀድሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ባጃጅ ይዞ የሚወጣው ልጅ ዛሬ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱትም አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ፈዞ ይቀመጣል። አባቱ «ስንፍና ነው» ይላሉ፤ የባጃጁ ባለቤትም የዕለት ገቢው ጎደለ ብሎ ያማርራል። እናት ክኒኑን ለሁለት ከፍለው ሲሰጡት በማግስቱ ቶሎ ነቅቶ እንደነበር፣ በሦስተኛው ሌሊት ግን በረንዳ ላይ ሲመላለስ እንዳደረ ጽፈው፣ «እንዴት ላንቃው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ይናገራሉ፣ አባቱ ይናገራሉ፣ የባጃጁ ባለቤት እንኳ ይናገራል፤ ልጅዎ ግን ስለ ጠዋት እንቅልፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ጠዋት ምን እንደሚሰማው የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ አልጻፉልኝም።

ስለዚያ ጫማ ግን ጽፈውልኛል። እርስዎ የስንፍናው ምልክት አድርገው ያነሱት ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ በሙሉ ልብ የምለው ነገር ቢኖር፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ልጅዎ ትጋት የሚመሰክረው ብቸኛ ነገር እሱ መሆኑን ነው። መነሳት የማይፈልግ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል እንጂ ጫማ አያነሳም። ልጅዎ ሲጠሩት ሰምቷል፣ ተነሥቶ ተቀምጧል፣ ጫማውንም አንሥቷል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ እምቢ ብሎታል። ኦላንዛፒን አንጎልን ንቁ አድርጎ የሚያቆየውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስም በአማካይ 30 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ማታ የዋጠው ክኒን ጠዋትም አብሮት ነው። በዚያ ሰዓት «ሰነፍ» የተባለ ወጣት፣ በቤቱ ለመከበር መድኃኒቱን መተው እንዳለበት ሊደመድም ይችላል፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ክኒኑን የከፈሉት ስለሚወዱት እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም የበረንዳውን ሌሊት በአንድ መስመር ማለፍዎ አሳስቦኛል። ያለፈው ዓመት ሕመም የጀመረው እንቅልፍ በማጣት እንደነበር የነገሩኝ እርስዎው ነዎት። መጠኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀነስ ሕመሙን ሊመልሰው ስለሚችል፣ እባክዎ ክኒኑን ዳግመኛ አይክፈሉት፤ ያደረጉትንም ለልጅዎና ለሐኪሙ ይንገሯቸው።

መፍትሔው ያለው በሐኪሙ እጅ ነው። ምናልባት መድኃኒቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እንዲወሰድ ያደርግ ይሆናል፣ ወይም መጠኑን አለበለዚያም መድኃኒቱን ራሱን ይለውጥ ይሆናል። ልጅዎ ከእንቅልፉ ጋር ብዙ ውኃ የሚጠማውና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ፣ መድኃኒቱ ስኳር ሊያስከትል ስለሚችል ሳይዘገይ ይመርመር። ጓደኞቹ «ያነቃሃል» ብለው ጫት ቢጋብዙት፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም ጎጂ ስለሆነ ቢቀርበት ይሻላል። እስኪስተካከል ድረስም ፈዞ ባጃጅ መንዳቱ ለራሱም ለተሳፋሪውም አደጋ ነውና፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ በከሰዓቱ ተራ ቢሠራ ይመረጣል፤ ገቢው ለጊዜው ቢያንስም።

ከተቻለ ከአባቱ ጋር ሆናችሁ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል ብታነጋግሩ ደስ ይለኛል፤ ባለፈው ዓመት እናንተም ብዙ ፈርታችኋል፤ ያን ፍርሃት በደብዳቤ ልናወጣው አንችልም። ለሐኪሙ ቀጠሮ ግን ልጅዎ ከፈቀደ አብረውት ይግቡ፤ ሐኪሙ ስለ ጠዋቱ ሲጠይቅም፣ ቢዘገይም እንኳ፣ መልሱን ለእሱ ይተዉለት።