ውል የሌለው ተከራይና የመደራጀት መብት

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የግል ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የተስማማነው በቃል ነው፤ ኪራዩንም በእጅ እከፍላለሁ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷልና አከራዬ ኪራይ እንድጨምር፣ የስድስት ወርም በቅድሚያ እንድከፍል፣ ካልሆነ በወሩ መጨረሻ እንድለቅ ነግረውኛል። ሕጉ ምን ይላል? እኛ ተከራዮችስ ተደራጅተን መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን አይፈቅድም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ይደረጋል፤ የውል ዘመንም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ችግርዎ ሌላ ቦታ ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ስለሚያዝዝ፣ በቃል ተስማምቶ በእጅ የሚከፍል ሰው ስንት ይከፍል እንደነበር እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ኪራይ በአከራይዎ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ፤ በምክንያቱ ቦታ «የቤት ኪራይ» ብለው ከነወሩ ይጻፉና ደረሰኙን ይያዙ፤ ከዚያም ውሉን ስለማስመዝገብ ወረዳውን ያነጋግሩ። አከራይዎ ሊያንገራግሩ ይችላሉ፤ በእኔ ግምት ብዙ አከራይ የሚሸሸው ከውሉ ይልቅ ከግብሩ ነው።

መደራጀትን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 መብቱን ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረትም አምስት ሰዎች ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። አስቸጋሪው ተከራዩን በአንድ ጉዳይ ማሰባሰቡ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ የቀበሌ ቤት ያገኘ ቤተሰብ ለአሥርተ ዓመታት በዝቅተኛ ኪራይ ሲኖር፣ በአጥር የሚዋሰነው የግል ተከራይ በገበያ ዋጋ ይከፍላል፤ አንደኛው የሚፈራው መፍረስን፣ ሌላው ጭማሪን ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቀው ደግሞ የሚፈልገው ቤት እንዲሠራለት ነው፤ የኪራይ ቁጥጥር ደግሞ አዲስ ቤት አይሠራም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ማኅበር ማሰለፍ ያዳግታልና፣ በሰፈርዎ ካሉ የግል ተከራዮች ጋር ቢጀምሩ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁም ዓመታዊው የጭማሪ መጠን ሲወሰን የተከራይ ወኪል እንዲሰማ ቢሆን እመርጣለሁ።