የፈረሰውን ግቢያችንን ማታ ማታ እሥላለሁ

የምክር አምድ

ውድ አዘጋጃችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 41 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት አባወራ በአንድ በር እየገባን፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን ነው የኖርነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እኛ ገላን ጉራ ደረሰን። ቤቱን አላማርርም። ውሃው እቤት ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱም የራሳችን ነው። ያጣሁት ሰው ነው። ጎረቤቶቼ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተበታተኑ።

እዚያ እያለሁ እንጀራ ጋግሬ ለምሳ ቤቶች አስረክብ ነበር። እዚህ ደንበኛ ገና አላገኘሁም። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሳይነጋ ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

አንድ ማታ ልጄ የተወችውን ደብተር አገኘሁና የግቢያችንን በር ሣልኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። በሚቀጥለው ቀን ቧንቧውን ሣልኩ። ከዚያ ጎረቤቴ ቡና የምታፈላበትን ደጃፍ። አሁን ልጆቹ ሲተኙ አንድ ነገር ሳልሥል አላድርም። አንዳንዴም ከሥዕሉ ጎን ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። ቤቱ ይጣመምብኛል። የሰው እጅ መሣል ጨርሶ አልሆነልኝም።

ችግሬ ምን መሰለዎት፤ ሥዬ ስጨርስ አለቅሳለሁ። አንዳንድ ቀን ቀለል ብሎኝ እተኛለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግን ይብስብኛል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አየኝና «ያለፈውን መቆስቆስ ምን ያደርግልሻል? ተይው በቃ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተደብቄ ነው የምሥለው። የ15 ዓመቷ ልጄ ደግሞ «እማ፣ ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው» እያለች ታስጨንቀኛለች። ቁስሌን እየነካካሁት ነው ወይስ እየዳንኩ ነው? ደብተሩን ልተወው?

የግቢው ልጅ፣ ከገላን ጉራ

መልስ

እህቴ፣ ደብተሩን አትተይው።

የሄደብሽ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅሽን የሚጠብቅልሽ፣ ጨው ስታጪ የሚሰጥሽ፣ ሁለት ቀን ካልታየሽ በርሽን የሚያንኳኳ ሰው ነው በአንድ ጊዜ የሄደብሽ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ዕድርተኛው አብሮሽ ያመሻል። ሰፈር ሲነሳ ግን ለቅሶ የለም። ዕቃ ተጭኖ ይኬዳል፣ በማግስቱ ኑሮ ይቀጥላል። ማታ ማታ የምታለቅሺው ያን ሳይለቀስ የቀረ ለቅሶ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እንባሽ አላስደነገጠኝም።

ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ስላጋጠማቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደረገ። ከፊሎቹ የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ከፊሎቹ የተሰማቸውን ብቻ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሁለቱንም። ሌሎች ተማሪዎች ስለ ተራ ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ከወንበራቸው ሲነሱ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ክሊኒክ የሄዱባቸው ጊዜያት ከእነዚያ ያነሱ ነበሩ። ጽፎ መክፋትና ውሎ አድሮ መሻል አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው።

ጥቅሙን አላጋንንልሽም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ከ140 በላይ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ መጻፍ ይጠቅማል፣ ግን በመጠኑ ነው። ደብተሩ የእንጀራ ደንበኛ አያመጣልሽም፣ ጎረቤቶችሽንም አይመልስልሽም።

አሁን ወደ እነዚያ ወደሚብስብሽ ቀናት ልምጣ። ተመራማሪዎቹ በኋላ ላይ የሰዎቹን ጽሑፍ ቃል በቃል መረመሩት። የበለጠ የተጠቀሙት ሰዎች ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ሲገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላትን እያበዙ የሄዱት ሆነው ተገኙ። ታሪኩ በእጃቸው ላይ እየተለወጠ ነበር። እስቲ ከሥዕሎችሽ ጎን የጻፍሻቸውን መስመሮች መልሰሽ አንብቢያቸው። በየገጹ «ናፈቀኝ» ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አንድ እርምጃ ጨምሪ። ከዚያ በር የናፈቀሽ ምኑ ነው? የሚንጫጫው ድምፁ ነው? ስትገቢ «መጣሽ?» የሚልሽ ሰው ነው? ለምን እሱ? ያንን ጻፊው። የሆነውንም ጻፊ፣ የተሰማሽንም ጻፊ፤ አንዱን ለይተሽ አታስቀሪ።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ነው መምህሩ ፊት ቀርቦ የሚናገረው። ጀማሪው የሚነሳው ጉባኤ ቃና ከምትባለው ባለ ሁለት መስመር ቅኔ ነው። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ዛሬ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ አዲስ ይጠበቅበታል። እኔ ከዚህ ሥርዓት ለአንቺ የምወስደው ሦስቱንም ነው። ሁለት መስመር ይበቃሻል። መጀመሪያ ለብቻሽ ይሁን። የትናንቱን ገጽ ዛሬ አትድገሚው።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቆምሽ እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። የተጣመመው ቤትም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት ቅድ የፈለጉትን እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ተለካ። ወደ 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀንሶ ተገኘ። ሥዕል በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል በዚህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የሰው እጅ ካስቸገረሽ ተይው፣ ሰውየውን ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ ሣዪው። ግቢውን አንድ ቀን ከላይ እንደሚያይ ሰው ሞክሪው፤ በሩ እዚህ፣ ቧንቧው እዚያ፣ የእያንዳንዱ አባወራ ቤት በየቦታው። በየቤቱ ላይ የሰዎቹን ስም ጻፊበት። ምድጃሽ ውስጥ የቀረች የከሰል ፍንካች ካለችሽ እሷንም ሞክሪ። በጣትሽ አሸት ስታደርጊያት ጥላ ይወጣላታል። ገጾቹ እንዳይለቃለቁ ግን በመሃላቸው ስስ ወረቀት አድርጊ።

አሁን ደግሞ አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ደብተሩ ውስጥ ገላን ጉራ የለም። ወይ አልጻፍሽልኝም፣ ወይ አልሣልሽውም። ከሳምንቱ አንዱን ማታ የዛሬውን ሰፈርሽን ሣዪበት። ከመስኮትሽ የሚታየውን፣ ደረጃውን፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበትን። የሕንፃውን ቤቶች ሣዪና እንደ ግቢው ስም ጻፊባቸው። ከበላይሽ ማን ነው የሚኖረው? ከጎንሽስ? አንዳንዱ ቤት ስም አጥቶ ባዶ ይቀርብሻል። ያን ጊዜ ቡና አፍይና ጥሪያቸው። እነሱም እንዳንቺ ከሆነ ሰፈር ተነስተው የመጡ፣ የሚጠራቸው የጠፋ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንጀራሽንም ቢሆን መጀመሪያ የሚቀምሰው ከዚያው ሕንፃ ነው።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ነው ብዙው ወንድ የሚያድገው። ሰፈሩ የሱም ነበር። ቀኑን ሙሉ በዚያ ከተማ ውስጥ የሚነዳው እሱ ነው፤ ምናልባት በፈረሰው ቦታ አጠገብ በየቀኑ ያልፍ ይሆናል። ስሜቱን እንዲናገር አትጠይቂው፣ ይሸሻል። ሥራ ስጪው። ከላይ የሣልሽውን ግቢ አሳዪውና «የውጪው በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጪ? እኔ ተምታታብኝ» በይው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ካለፈውም ግድ የለም፣ አንድ ሁለት ወር ቆይተሽ ሌላ ጠይቂው። መደበቁን ግን ብትተይው እወዳለሁ። አንድ ቀን ቁጭ በይና «ይህን ሥዬ ስተኛ ይቀልለኛል፣ ተወኝ» በይው። ላንብበው ቢልሽ ግን ለማሳየት አትገደጂም።

አንድ ጥብቅ ነገር ልንገርሽ። አንድን ገጽ ጀምረሽ ትንፋሽ ሲያጥርሽ፣ መቆጣጠር ሲያቅትሽ፣ እዚያው አቁሚ። ፔኔቤከርም ለሚያጽፋቸው ሰዎች ይህንኑ ይላል። ደብተሩን ዝጊና ሌላ ቀን ሌላ ነገር ሣዪ። የመኝታ ሰዓትሽ ሲደርስ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብለሽ ጨርሺ፣ ከደብተሩ በኋላ ሻይ የምትጠጪበት ጊዜ ይኑርሽ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ደብተር አይበቃም። በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂና ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪያቸው። ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ የሚልኩሽ እነሱ ናቸው።

ልጅሽ ቲክቶክ ማለቷ በሥራሽ ስለኮራች ነው፤ እኔ ደስ ብሎኛል። ግን ገና ነው። ሰው እንደሚያይብሽ ካሰብሽ ለሚያየው ሰው መሣል ትጀምሪያለሽ፣ ያን ጊዜ እውነቱ ይቀንሳል። የሚያሾፍም አይጠፋም፤ አሁን ለዚያ ጉልበት የለሽም። ደግሞም እዚያ ውስጥ የጎረቤቶችሽ ስም አለ፣ እነሱ ሳይፈቅዱ አይወጣም። ይልቅ እያንዳንዱን ገጽ በስልኳ ፎቶ ታንሳልሽ። ደብተር ውሃ ይደፋበታል፣ ይቀደዳል። ፎቶው እሷ ዘንድ ይቀመጥ፣ የተበታተኑትን ጎረቤቶችሽን ስታገኚ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ይሁኑ። የረሳሽውን ስም እነሱ ይሞሉልሻል።