ውሃው በ92 ቢፈላ ቴርሞሜትሩ ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የቤተ ሙከራችን ቴርሞሜትሮች በፈላ ውሃ ውስጥ ከ91 እስከ 94 ያሳያሉ፤ አንዱም 100 አይደርስም። ሁሉም ተበላሽተዋል? እንዴትስ ላስተካክላቸው?

መልስ፦ አይጣሏቸው። አዲስ አበባ ላይ 100 የሚያሳይ ካገኙ የተበላሸው እሱ ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ያለው 100 ለባሕር ወለል ነው። ከተማዋ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ92 ገደማ ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ይጠብቁ። በአዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን እንጦጦ ጫፍና አቃቂ የ3 ዲግሪ ያህል ልዩነት ስላላቸው የራስዎን ትምህርት ቤት ከፍታ ይወቁ። ሴልሺየስም በ1742 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርብ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አስታውቆ ነበር።

ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካለ የተሻለ ነው፦ 76 ኪሎ ፓስካል ቢያሳይ ነጥበ ፍሌቱ 92.1፣ 77 ቢያሳይ 92.5 ነው። የስልክዎ የአየር ትንበያ የሚሰጠውን ግፊት ግን አይውሰዱ። እሱ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የሚቀርብ ስለሆነ ተመልሶ 100 ላይ ይጥልዎታል።

ማስተካከሉን ከዜሮ ይጀምሩ። በረዶውን ሽምብራ እስኪያክል ከስክሰው ቢከር ይሙሉ፤ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ዲስቲልድ ውሃ ይጨምሩበት። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ውሃ ያልነካው በረዶ ከዜሮ በታች ስለሆነ ያሳስታል። ቴርሞሜትሩ ግድግዳና ወለል ሳይነካ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ዓይንዎን ከፈሳሹ አናት ጋር ትክክል አድርገው ያንብቡ።

ለላይኛው ነጥብ ግን ጫፉን ውሃው ውስጥ አይንከሩት፤ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው እንፋሎቱ ውስጥ ያንጠልጥሉት። ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ፍሌቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የብልቃጡ ልስላሴም ውሃውን ከነጥቡ በላይ ያሞቀዋል። የእንፋሎቱን ሙቀት የሚወስነው ግን ግፊቱ ነው። መውጫ ይኑረው፤ ብልቃጡ በቡሽ ከተደፈነ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

እንበልና በበረዶው 1.0፣ በእንፋሎቱ 93.5 አሳየ፤ እውነተኛው ፍሌት 92.2 ነው። ከማንኛውም ንባብ 1.0 ይቀንሱ፣ በ92.2 ያባዙ፣ ለ92.5 ያካፍሉ። 69.0 ያሳየው በእውነቱ 67.8 ነው። እያንዳንዱን ቴርሞሜትር ቁጥር ለጥፈው ሁለቱን ንባቦች መዝገብ ላይ ይያዙለት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥልቀቱ ነው። ግንዱ ላይ የመጥለቂያ መስመር ያለው እስከዚያ ድረስ ይጠልቃል፤ መስመር የሌለው አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ፈሳሽ እስከደረሰበት ድረስ እንዲጠልቅ የተሠራ ነው። የ60 ዲግሪ ርዝመት ያለው ፈሳሽ ውጭ ቀርቶ ከጠለቀው ክፍል በ60 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ሜርኩሪው 0.6 ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ ቀዩ ፈሳሽ ግን እስከ 3.6!

ጥያቄ፦ ተማሪዎቻችን የሻማ ሰም አቅልጠው ሲያቀዘቅዙ ግራፋቸው ላይ አግድም መስመር አልወጣም። ስቴሪክ አሲድ የወሰደው ቡድን ደግሞ «ሙቀቱ ወርዶ እንደገና ወጣ» ብሎ አመጣ። የተሳሳተው ማነው?

መልስ፦ ማንም። ሻማ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሙቀት ስለማይረጉ መስመሩ ያዘነብላል እንጂ አይተኛም። ንጹሕ ስቴሪክ አሲድ ሲረጋ ግን መስመሩ 69 ዲግሪ ላይ ይተኛል፤ ለሻማ ሥራ የሚሸጠው ግን ፓልሚቲክ አሲድ ስለሚቀላቀልበት 55 አካባቢ ሊረጋ ይችላል። ጥቅሉን ይመልከቱ።

ወርዶ መውጣቱ ደግሞ ፈሳሹ ከነጥበ ብርደቱ (ከሚረጋበት ሙቀት) በታች ሳይረጋ ስለቆየ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክሪስታሎች ሲፈጠሩ የሚለቁት ሙቀት መልሶ ከፍ ያደርገዋል። በላጲስ አያስጠፏቸው፤ ከግራፉ ሁሉ የሚያስተምረው ያ ጉድጓድ ነው።

አግድሙ መስመር ያጠረባቸው ቱቦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለከተቱት ይሆናል። ግድግዳው ቀድሞ ይረጋል፣ መሐሉ ገና ፈሳሽ ነው። 10 ግራም ያህል ስቴሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ ቢከር ውስጥ እስከ 80 ካሞቁ በኋላ ቱቦውን አድርቀው ባዶ ቢከር ውስጥ ያቁሙት፤ በዙሪያው ያለው አየር ያዘገየዋል። በየ30 ሴኮንዱ እስከ 50 ያንብቡ። እስኪወፍር በቀስታ ያማስሉ፤ ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩን አይነቅንቁ። ሲጨርሱም አይጎትቱት፤ ይሰበራል። ቱቦውን እንደገና አሙቀው ያውጡት።

ጥያቄ፦ የቴርሞሜትሩ ቀይ ፈሳሽ ተቆራርጧል። ይጠገናል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ሦስት እጅ በረዶ ከአንድ እጅ ጨው ጋር ቀላቅለው የታችኛውን ጫፍ ብቻ ይንከሩ፤ ፈሳሹ ሁሉ ወደ ታች ሲሰበሰብ አውጥተው ቀጥ አድርገው አቁመው በክፍሉ ሙቀት ይተዉት። በእሳት አያሙቁት። ከዚያ የዜሮ ነጥቡን እንደገና ይፈትሹ፤ የቀድሞው እርማት ላይሠራ ይችላል።