ነፍሰ ጡሯን «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትመልሷት

በአዋላጅነትና በሕክምና ሙያ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ አንድ ነገር አደራ ልላችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳትና ሳል ይዟት የመጣችን ነፍሰ ጡር ከሌላው ታካሚ ለይታችሁ እንድታዩ ነው።

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጃችን ቆሻሻ እያጨስን የምናስበው የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በዚያው ወረርሽኝ በአሜሪካ የታመሙ 1,350 ነፍሰ ጡሮችን የመረመረ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የሳንባ ምች እንደያዛቸውና ምች ከያዛቸውም ግማሽ ያህሉ እንደሞቱ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተነሳው ወረርሽኝም፣ በአሜሪካ ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ብቻ የሆኑት ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተመዘገቡት ሟቾች 5 በመቶ ያህል ነበሩ።

ምክንያቱን ማወቅ ከምርመራችሁ አይለይ። እርግዝናው ሲገፋ ማህፀን ዲያፍራምን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ላይ ስለሚገፋው በሳንባዋ ውስጥ የሚቀረው የአየር ክምችት ይቀንሳል፤ የኦክስጅን ፍላጎቷ ግን ይጨምራል፣ ልቧም ከወትሮው በላይ ይሠራል፤ በዚህ ላይ የሰውነቷ የመከላከል ሥርዓት ፅንሱን ተቀብሎ ለማቆየት አሠራሩን ይለውጣል። ስለዚህ ሌላው ሰው ተኝቶ የሚያሳልፈው ሕመም፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ እሷን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያዳክማት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያዘናጋን የትንፋሽ ማጠሩ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሁሉ ትንሽ ስለሚያጥራት ሕመሙን በእርግዝናው እናሳብባለን። አተነፋፈሷን በደቂቃ ቁጠሩ፣ የኦክስጅን መጠኗን ለኩ፤ ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ስጧት እንጂ ወደ ቤቷ አትሸኟት። ትኩሳቱም ለፅንሱ ጎጂ ስለሆነ በፓራሲታሞል አብርዱት።

ኦሴልታሚቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ ካለ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ ጀምሩላት። በ2009ኙ ወረርሽኝ ሕመሙ ከታየባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ሕክምናውን ከጀመሩት ነፍሰ ጡሮች ይልቅ ከአራት ቀን በኋላ የጀመሩት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ያህል ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ መድኃኒቱ እያለ ነውና የዘገየው።

ክትባት በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሳታመነቱ ምከሩ፤ እናቲቱ የምታመነጨው የመከላከያ ኃይል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ሊከተብ የማይችለውን ሕፃን ይጠብቀዋል። ከወለደች በኋላም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አደጋው ስለማይለቃት፣ አራስ ቤት ሳለች ትኩሳት ወይም ሳል ቢይዛት ወዲያው እንድትመጣ ለእርሷም ለሚያርሷትም ቤተሰቦቿ ንገሩ።